አራት ቤቶች በአፈር ወለል ላይ

ሁለት ፖሊሶች የወሰዱኝ ከክፍል አስወጥተው ነው። አሰላ ሳይንስ አስተምር ነበር፤ ስለ ባለርስትና ስለ ጭሰኛ ለተማሪዎች የተናገርኩት ከአንድ ሹም ጆሮ ደርሶ ኖሯል። የተቆለፈብኝ ክፍል ወለሉ አፈር ነው፤ ከጭላሎ የሚወርደው ብርድ በበሩ ሥር ይገባል።

ክፍሉን የተጋራሁት ከዲክሲስ ከመጡ አንድ ገበሬ ጋር ነበር፤ ባለርስቱን «ማሳዬን አላስረግጥህም» ብለው ነው የታሰሩት። ሌሊት ጋቢያቸውን ለሁለታችን ይዘረጉታል። ዓርብ ዓርብ ሚስታቸው ሕፃን አዝለው፣ የገብስና የሽምብራ ቆሎ ይዘው ይመጣሉ። ገበሬው ግን ሊያገኟቸው አይወጡም። ቆሎውን ዘበኛው ያስገባዋል።

«ለምን አይወጡም?» አልኳቸው አንድ ቀን።

«ልታሰር ሳምንት ሲቀረኝ ሚስቴ ወለደች። ልጅቱ ፀጉሯም ቆዳዋም ነጭ ነው። እኔ ጥቁር፣ እሷ ጥቁር። አገሩ ከፈረንጅ ነው የወለደችው ይላል፣ መምህር።»

በጣቴ ወለሉ ላይ ካሬ ሠርቼ አራት ቤት አደረግኩት። ከቆሎው ገብስና ሽምብራ ለየሁ።

«እርስዎ አንድ ገብስ፣ አንድ ሽምብራ ይዘዋል እንበል። ገብሱ ጥቁረት፣ ሽምብራው ንጣት ነው። ገብስ ካለ ሽምብራው ይደበቃል። ሚስትዎም እንደዚሁ። ለልጅ የምትሰጡት ግን አንድ አንድ ፍሬ ብቻ ነው።»

በየቤቱ፣ አንዱን ከአባት አንዱን ከእናት እያልኩ፣ ሁለት ሁለት ፍሬ አስቀመጥኩ። በሦስቱ ቤቶች ገብስ አለ። በአራተኛው ሁለት ሽምብራ ብቻ።

ጎንበስ ብለው ብዙ ጊዜ አዩት። «አንዱ ሽምብራ የኔ ነው?»

«አንዱ የእርስዎ፣ አንዱ የእሳቸው። የአንድ ሰው ብቻ አይበቃም።»

«የአባቴ አክስት ነጭ ነበረች ይሉ ነበር» አሉ ቀስ ብለው። «ከፀሐይ ስትሸሽ ነው የኖረችው። ወላሂ፣ ረስቼው ነበር።»

በሚቀጥለው ዓርብ ስማቸው ሲጠራ በመጠጫ ውሃችን ፊታቸውን ታጠቡ፣ ጋቢያቸውን አራግፈው ለበሱ። በበሩ ስንጥቅ አየኋቸው። ሕፃኗን ከእናቷ ጀርባ አወረዱ፤ ዓይኗን ፀሐዩ ሲያስጨንቃት በጋቢያቸው ጫፍ ከለሉላት። ከዚያ ለዘበኞቹም ለጠያቂዎቹም እንዲሰማ፣ በኦሮምኛም በአማርኛም፣ «ልጄ ናት» አሉ። ሚስታቸው ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዞሩ።

እኔ ቀድሜ ተፈታሁ፤ ዳግም አልተገናኘንም። ያንን ትምህርት ለብዙ ዓመት አስተማርኩ፣ እንደ እሳቸው የተረዳኝ ግን አላገኘሁም። ሰው ቢስቅብኝም ያ የእስር ክፍል አንዳንዴ ይናፍቀኛል። ልጅቱ ዛሬ ትልቅ ሴት ሳትሆን አትቀርም። አባቷ ለምን ዘግይተው እንዳቀፏት ማንም ባይነግራት ደስ ይለኛል።