መርዶ በስዊዝ ካናል

ሥራ የጀመርኩ ቀን የመርከብ ኩባንያው አለቃ ሄር ኬለር የጠየቁኝ አንድ ጥያቄ ብቻ ነበር። ዙሪክ ካለው ዋና መሥሪያ ቤት በባቡር ጄኔቭ ድረስ የመጡት እኔን ሊፈትኑ ነው። ካፖርታቸውን እንኳ ሳያወልቁ፣ "ስዊዝ ካናል ላይ ስንት የውኃ መዝጊያ በር አለ?" አሉኝ።

"አላውቅም፤ ጠይቄ እነግርዎታለሁ" አልኳቸው።

"ከእርስዎ በፊት የመጣው ሰው ስድስት አለኝ። የፓናማውን ሰምቶ ነው። ስዊዝ ላይ አንድም በር የለም፤ ውኃው ከባሕር ወደ ባሕር ዝም ብሎ ይተላለፋል። የማያውቁትን አላውቅም ካሉ ይበቃኛል" ብለው በሽቦ መልእክት ወደሚላክበት ቴሌክስ ማሽን መሩኝ። እንዲህ ሆኜ ተቀጠርኩ።

ቴሌክስ መምታት የተማርኩት አሰብ፣ አንድ የመርከብ ወኪል ቢሮ ውስጥ ነው። ስዊዘርላንድ ያመጣኝ ግን ካውያ ነው። ጄኔቭ አጠገብ ቨርሷ ለሚኖር የዲፕሎማት ቤተሰብ ሸሚዝ ስተኩስ ጥቂት ዓመታት ቆየሁ። ጎረቤት ቤት ፀሐይ የምትባል የደብረ ብርሃን ልጅ ትሠራ ነበር፤ እሁድ እሁድ ሐይቁ ዳር ቁጭ ብለን አሠሪዎቻችንን እናማለን። ታላቅ ወንድሟ ጋሽ ጌታቸው መርከበኛ ናቸው። በኋላ እኔ በተቀጠርኩበት ኩባንያ መርከብ ላይ ዋና መሐንዲስ ሆነው ሲገቡ፣ ፀሐይ እኔ ያስቀጠርኳቸው ይመስል አመሰገነችኝ። እኔም አላስተባበልኩም።

ሥራዬ መርከቦቻችንን በካናሉ ማሳለፍ ነበር። ማሳለፍ ስል ከወንበሬ ሳልነሳ ነው። ከሞምባሳና ከጅቡቲ ቡና ጭኖ ወደ ጣልያኗ ጄኖዋ የሚሄድ መርከብ ስዊዝ ከተማ ደጃፍ መልሕቅ ጥሎ ተራውን ይጠብቃል። እኔ የመርከቡን ርዝመት፣ ውኃ ውስጥ የሚገባውን ጥልቀትና ጭነቱን አስቀድሜ ለወኪላችን በቴሌክስ እልካለሁ፤ ወኪሉ ያስመዘግባል። ካናሉ ጠባብ ስለሆነ መርከቦች በኮንቮይ፣ አንዱ ከሌላው ኋላ ተሰልፈው ያልፋሉ። መቅደም የለም። መፍጠንም የለም፤ የፈጠነ መርከብ ማዕበሉ ዳርቻውን ይንደዋል። ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል የሚባለው ለዚህ ሳይሆን አይቀርም።

መርከቡ ከመግባቱ በፊት ፓይለት ይሳፈራል፤ መንገዱን ለካፒቴኑ የሚያሳየው እሱ ነው። ካናሉ መካከል ያለችው ኢስማኢሊያ ሲደርሱ ይወርድና ሌላ ይተካል። ገመድ አሳሪዎችም ጀልባቸውን በመርከቡ ክሬን አስነሥተው አብረው ይሳፈራሉ። ድንገት መቆም ቢመጣ ገመዱን ዳር ወስደው የሚያስሩት እነሱ ናቸው። እስኪጠሩ ድረስ ኮሪደሩ ላይ ጨርቅ ዘርግተው የእጅ ሰዓትና ትንንሽ ፒራሚድ ይሸጣሉ። ሄር ኬለር ጠረጴዛ ላይም ከዚያ የተገዛ የነሐስ ግመል ነበር።

ይህ ሁሉ ሲሆን ዋና መሐንዲሱ ከሞተር ክፍል ንቅንቅ አይልም። ሞተሩ እዚያ ጠባብ ቦታ ላይ ቢጠፋ መርከቡ ዳርቻው ላይ ይቀመጣል፤ ከኋላ ያለው ኮንቮይ በሙሉ ይቆማል።

በኋላ ወደ ዙሪክ ተዛወርኩ፤ ቤት የተከራየሁት ከከተማው ዳር ሽሊረን ነው። ጄኔቭ "ትንሽ ይቆዩ" ብትላቸው ይገባቸዋል፤ ዙሪክ ግን ትንሽ የሚባል ጊዜ የለም። የሕንፃችን የጋራ ልብስ ማጠቢያ ክፍል ተራ ከካናሉ ተራ ይብሳል። ኮንቮይ ያመለጠው መርከብ በማግሥቱ ያልፋል። ሽሊረን ተራው ያመለጠው ሰው ግን ቆሻሻ ልብሱን ታቅፎ ሌላ ተራ እስኪደርሰው ይቀመጣል።

አንድ ጠዋት ፀሐይ ከቨርሷ ወደ ቢሮ ደወለችልኝ። እናቷ አርፈዋል፤ ቀብራቸውም አልፏል። ለእሷም ቢሆን ደብቀዋት ቆይተው ገና ያን ቀን መስማቷ ነው። የጋሽ ጌታቸው መርከብ ደግሞ ስዊዝ ደጃፍ መልሕቅ ጥሏል፤ በማግሥቱ ንጋት ላይ ካናሉ ይገባል።

"አደራሽን እንዳትነግሪው" አለችኝ እያለቀሰች። "ጄኖዋ ሲደርስ እኔ ሄጄ፣ ሰው ሰብስቤ እነግረዋለሁ። ባሕር ላይ ብቻውን እንዳይሰማ።"

ለእኔ ይህን ማስረዳት አያስፈልግም። በእኛ አገር መርዶ እንደ ቴሌክስ አይላክም። ሰውየው እህል እንዲቀምስ ይደረጋል፤ ሽማግሌዎች ይሰበሰባሉ፤ ከዚያ ይነገረዋል። ራሱን ሲጥል የሚይዘው እጅ አጠገቡ አለ።

ሄር ኬለር ዓይኔን አይተው ምን እንደሆንኩ ጠየቁኝ፤ ነገርኳቸው። ወዲያው ለመርከቡ የሚላክ ቴሌክስ ይነግሩኝ ጀመር፦ "ለዋና መሐንዲሱ። እናትዎ ማረፋቸውን በሐዘን እንገልጻለን።"

"አይቻልም" አልኳቸው። ሄር ኬለርን አይቻልም ያልኩት ያን ቀን ብቻ ነው።

"ሰውየው የማወቅ መብት አለው። እናቱ ናት፤ የእርስዎ ምስጢር አይደለችም" አሉኝ። ከዚያ ወንበር ስበው ተቀመጡ።

በወጣትነታቸው በአንድ መርከብ ላይ መርከበኛ ነበሩ። በዐረቦችና በእስራኤል ጦርነት ካናሉ ሲዘጋ መርከባቸው ከሌሎች ጋር መራራ ሐይቅ በሚባለው የካናሉ መካከል ተይዞ ቀረ። ካናሉ ስምንት ዓመት ተዘግቶ ሲቆይ መርከበኞቹ እየተለዋወጡ መርከቦቹን ይጠብቁ ነበር። ወጣቱ ኬለር እዚያ ሳሉ አባታቸው ሞቱ። ቤተሰቡም እዚያ በረሃ መካከል ሆኖ ቢሰማ ምን ይፈይዳል ብሎ ደበቃቸው። "ለሞተ ሰው ፖስታ ካርድ እየላክሁ፣ ጉልበቱን ተሻለው ወይ እያልኩ ስጠይቅ ከረምኩ" አሉኝ። "እናቴን በዚህ ነገር እስከ መጨረሻው ይቅር አላልኳትም።"

እሳቸውም እውነታቸውን ነው፤ ፀሐይም እውነቷን ነው።

ቢሆንም ዓይኔን በጨው አጥቤ ተከራከርኩ። "ነገ ሞተሩን የሚይዙት እሳቸው ናቸው። ዛሬ ቢሰሙ መርከቡን ማን ያሳልፈዋል?"

ይህ ገባቸው። የሄር ኬለር ልብ የሚገኘው በካናሉ በኩል ነው። "እሺ። በካናሉ ማዶ ጫፍ በፖርት ሳይድ ወጥቶ ፓይለቱ ሲወርድ ይነገረው። ከዚያ ወዲያ ግን አልጠብቅም" አሉ።

"አነጋገሩን እኔ ከጻፍኩት" አልኳቸው። ተስማሙ።

ለፀሐይ ደውዬ ይህን ስነግራት፣ "ሰው በሌለበት ወንድሜን ልትገድሉት ነው?" ብላ ስልኩን ዘጋችብኝ። አንጀቴን በላችው።

ሰው ግን ነበረ። መርከቡ ላይ ታደሰ የሚባል በዕድሜ የገፋ ወጥ ቤትና ሁለት የሞተር ክፍል ልጆች፣ ሦስቱም ኢትዮጵያውያን፣ ይሠሩ ነበር። ካፒቴኑ ፖላንዳዊ ነው። ለእሱ በግል እንዲደርሰው ቴሌክሱን እንደ ሥራ መመሪያ አድርጌ ጻፍኩት፦

"ፓይለቱና ገመድ አሳሪዎቹ ከወረዱ በኋላ ሞተሩን ሁለተኛው መሐንዲስ ይረከብ። ዋና መሐንዲሱ ምሳ ይብሉ። ከዚያ እርስዎ ክፍል ይግቡ፤ ሦስቱ ኢትዮጵያውያን አጠገባቸው ይቀመጡ። እናታቸው ማረፋቸውን አስቀድመው ለታደሰ ይንገሩት፤ መርዶውን የሚናገረው እሱ ነው፤ እርስዎ ዝም ይበሉ። ጮኸው ቢያለቅሱ አይደንግጡ፤ ለሐኪም አይደውሉ። ውኃ ያቅርቡ። ጄኖዋ እስኪደርሱ ብቻቸውን አያሳድሯቸው።"

ሄር ኬለር "ለሐኪም አይደውሉ" የምትለዋን ደጋግመው አነበቧት። ከዚያ ፈረሙ።

በማግሥቱ እህል አልወርድልሽ አለኝ። የወኪሉ ቴሌክስ በየተራ መጣ፦ መርከቡ ገብቷል፤ ኢስማኢሊያ ላይ ፓይለት ቀይሯል፤ ፖርት ሳይድ ወጥቷል። ከዚያ ዝም። ሄር ኬለር ወረቀት የሚፈልጉ መስለው በማሽኑ አጠገብ ይመላለሳሉ። በመጨረሻ የካፒቴኑ መልስ መጣ፦ "በመመሪያው መሠረት ተፈጽሟል። እኔም አልቅሻለሁ፤ መመሪያው አይከለክልም።"

ሄር ኬለር ለማንም ደጅ የማይጠኑ ሰው ናቸው። ለፀሐይ የጣልያን ቪዛ ግን ቆንስላው ዘንድ ራሳቸው እየደወሉ ለምነው አስጨረሱላት።

መርከቡ ጄኖዋ ሲደርስ ጋሽ ጌታቸው ደወሉልኝ። ፀሐይ አጠገባቸው ነበረች። "እግዜር ያጽናዎት ጋሼ" አልኳቸው።

"አሜን። እኔኮ ከጅቡቲ ጀምሮ አውቄዋለሁ" አሉኝ።

ጅቡቲ ሳሉ ደብረ ብርሃን ደውለው ነበር። ዘመዶች፣ እማማ ጠበል ወርደዋል አሏቸው። እኒያ እናት ግን የልጃቸው ስልክ አምልጧቸው አያውቅም። ሆድ ሲያውቅ ዶሮ ማታ ሆኖ፣ ጋሽ ጌታቸውም ነገሩ ገብቷቸው "ደኅና፣ ሰላም በሉልኝ" ብለው ዘጉት።

"ታዲያ ለምን አልጠየቁም?" አልኳቸው።

"ማንን ልጠይቅ? ሳይነግሩኝ እንዴት አለቅሳለሁ? ስዊዝ ደጃፍ ያልተበላሸ ፓምፕ ስፈታና ስገጥም ሰነበትኩ። ለእኔ እናቴ የሞተችው ታደሰ እጄን ሲይዘኝ ነው።"

ይህን ለሄር ኬለር ተረጎምኩላቸው። "ያን ሁሉ መንገድ ብቻውን ተሸክሞት ነበር ማለት ነው" አሉ።

"አዎ" አልኳቸው።

ከዚያ ወዲህ በእኔ ቦታ ለተተኩት ልጆች ኮንቮዩንም፣ ፓይለቱንም ካስተማርኩ በኋላ አንድ ነገር እጨምርላቸዋለሁ። መጥፎ ወሬ አታዘግዩ፤ ሰው ሳታስከትሉለት ግን አትላኩት።