ፎቶ ኮፒ የተባለው ዳታቤዝ

ባለፈው ኅዳር፣ ለቀማው በተጋመሰበት ሳምንት፣ የቡና ማኅበራችን ሥራ አስኪያጅ በቦርዱ ፊት ቆመው «የዶክተሯ ቅጂ አልሠራም» አሉ። በደሉ ይህ ዓረፍተ ነገር ነው።

ዶክተሯ የተባልኩት፣ የማኅበሩን ዳታቤዝ ያዋቀርኩት እኔ ነኝ። በአጋሮና በሊሙ ገነት ማጠቢያ ጣቢያዎች የሚመዘነው እሸት ቡና ደቡብ አፍሪካ በሚገኝ ሰርቨር ላይ ይመዘገባል፤ በዚያው ቅጽበት አውሮፓ ወዳለ ሁለተኛ ሰርቨር ይገለበጣል። ሁለቱን ያራራቅኳቸው አንድ አደጋ ሁለቱንም እንዳያገኛቸው ነው። ዋናው ዝም ካለ ሁለተኛው የሰው እጅ ሳይጠብቅ ቦታውን ይረከባል። ክረምት ላይ፣ እሸት በሌለበት ወራት፣ ዋናውን ራሴ አቋርጬ ሞከርኩት። የአጋሮው መዝጋቢ ሻዩን እየጠጣ የሙከራ ሚዛን መመዝገቡን ቀጠለ፤ መቋረጡን የሰማው ከእኔ ነው።

ሥራ አስኪያጁ ይህን በስብሰባ ሳስረዳ አንድ ጥያቄ ብቻ ጠየቁ።

«ቅጂው ዋና እንዲሆን ማን ይፈርማል?»

«ማንም። ሁለቱ በየቅጽበቱ ይገናዘባሉ።»

«ዶክተር፣ እኛ ቢሮ ፎቶ ኮፒ እንኳ ‹ከዋናው ጋር ተገናዝቧል› የሚል ማኅተም ካላረፈበት ተራ ወረቀት ነው። እርስዎ የተማሩበት አገር ማኅተም የለም እንዴ?»

ተሰብሳቢው ሳቀ። በማግስቱ በራሱ የሚደረገውን ሽግግር አስጠፉ፤ ሽግግሩን የማዘዝ ፈቃዴንም ወደ ራሳቸው አዞሩ። ተቃወምኩ። «የእርስዎ ድርሻ መገልበጥ ነው» አሉኝ።

በኅዳር አንድ ቀን፣ ከቀትር በኋላ፣ ዋናው ሰርቨር ተቋረጠ። የአጋሮው መዝጋቢ ደወለ።

«ኤዬ፣ ዶክተር፣ ሲስተሙ ያነባል እንጂ አይጽፍም። ሲስተሙ ሳይመዘግበው መቀበል አልችልም፤ ገበሬው እሸቱን ይዞ ተሰልፏል። ‹ማንበብማ ልጄም ትችላለች› እያለ ይቀልድብኛል።»

ሁለተኛው ሰርቨር ምንም ሳይጎድለው ፈቃድ ይጠብቅ ነበር። ፈቃዱ በእጃቸው ያለው ሥራ አስኪያጅ ግን ኔትወርክ በማይደርስበት ገጠር ለቅሶ ላይ ነበሩ። ስልካቸው ሲገኝ እሸቱ በየጆንያው ሞቆ ለእጥበት የማይሆን ሆኖ ነበር። ለእጥበት የመጣው ቡና ወደየቤቱ ተመልሶ ከነገለባው ደርቆ በርካሽ ለሚሸጥ ጀንፈል ተሰጣ። ፈቃዱ እንደተሰጠ ሁለተኛው ሰርቨር ወዲያው መጻፍ ጀመረ፤ ከጠዋቱ ምዝገባ አንድ መስመር አልጠፋበትም።

ዛሬ አጋሮ ውስጥ «ቡናችንን ያበላሸች እሷ ናት» እባላለሁ። ስሜን የሠራሁት በትክክለኛነት ነው፤ በሌላ ሰው ጥፋት አላስረክበውም።

ስለዚህ፣ ክቡር ሥራ አስኪያጅ፣ ማብራሪያ አልጠይቅዎትም። በዚያው ቦርድ ፊት ቆመው ከሁለቱ አንዱን ይምረጡ፦ ቅጂው አልሠራም፣ ወይስ እንዳይሠራ አዘዙ?