መርዶ በስልክ አይነገርም

እናቴ ታላቅ ወንድሟን «ወንድም ጋሼ» ነበር የምትላቸው። ከእሷ ሰምተን እኛ ልጆቿም፣ ጎረቤቱም፣ አንዴም በዓይኑ አይቷቸው የማያውቀው ሰው ሳይቀር ወንድም ጋሼ ይላቸው ነበር። እሳቸው አንኮበር ካህን ሆነው ቀሩ፤ እሷ ተድራ ደብረ ብርሃን ገባች። ዛሬ ሚኒባስ ውስጥ የጀመሩት ወሬ ሳያልቅ የሚደረስበት መንገድ ያኔ ሩቅ ነበር። ጉም ከወረደማ መኪናውም መንገድ ላይ የሚያድርበት ጊዜ ነበረ። ስለዚህ ወንድምና እህት የሚጨዋወቱት በካሴት ነበር።

አዎ፣ በካሴት። አጎቴ አንድ ቴፕ ነበራቸው፤ ባትሪ ድንጋዩ ሲደክም ፀሐይ ላይ እያሰጡ ያሠሩታል። የካሴቱን አንዱን ገጽ ቀድተው ለአውቶቡስ ሾፌር ይሰጡታል፣ ሾፌሩ መናኸሪያው አጠገብ ካለችው ሻይ ቤት ያስቀምጠዋል፣ እኔና እህቴ እየተሽቀዳደምን እናመጣዋለን። ቤት ስንደርስ ጎረቤቱ ተሰብስቦ ቁጭ ብሏል። ማን እንደሚነግራቸው እስከዛሬ አላውቅም።

ወንድም ጋሼ መጀመሪያ ይስላሉ። ከዚያ ፈጣሪን ያመሰግናሉ፣ የገብሱን ነገር፣ የብርዱን ነገር ይናገራሉ። ከዚያ ሰላምታ ነው። አቤት ያ ሰላምታ! ልብስ ሰፊው እንዴት ነው፣ የአራሷ ልጅ ዳኸ ወይ፣ ወገቡን ያመመው ሰውዬ ተሻለው ወይ። ሰዉ አንገቱን አስግጎ ተራውን ይጠብቃል፤ ስሙ የተነሣ ሰው ቴፑን «እግዚአብሔር ይመስገን፣ ደህና ነኝ» ብሎ ይመልስለታል። አንድ ጊዜ የብርድ ልብስ ሠሪውን ሚስት ዘለሏት። ሴትዮዋ ነጠላዋን ሰብስባ ወጣች፤ ስንት ጊዜ እሳት ልትጭር እንኳ እኛ ቤት ሳትመጣ ቀረች። እናቴ በካሴቱ በሌላኛው ገጽ ወንድሟን ወቀሰቻቸው። በሚቀጥለው ካሴት ከሁሉ በፊት የተጠየቀችው እሷ ሆነች፣ የዶሮዎቿ ጤና ሳይቀር። ከዚያ በኋላ ደግሞ ትዕቢቷ አላስቀምጥ አለን።

በካሴት የማይላክ አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ የሞት ወሬ። አያቴ አንኮበር ስታርፍ ወንድም ጋሼ ራሳቸው በእህል መኪና ላይ ተጭነው መጡ። በጠዋት በር አንኳኩ፣ ከኋላቸው ጎረቤቱ ቆሟል። እናቴ አልቅሳ ሲወጣላት፣ ሐዘንተኛ ሆነው ሳለ ለምን እንዲህ እንደተንገላቱ፣ ሰው መላክ ይበቃ እንደነበር ነገረቻቸው። «ስትወድቂ እኔ ልያዝሽ ብዬ ነው» አሏት። ትንሽ ልጅ ነበርኩ፣ ግን ይቺ ነገር ከአእምሮዬ አልወጣችም።

ኋላ ስልክ ገባ። እሁድ እሁድ ከቅዳሴ መልስ ይደዋወሉ ነበር። ድምፁን ከፍ አድርጋ ጠረጴዛ ላይ ታስቀምጠዋለች፣ ጎረቤቱ እንደ ካሴቱ ዘመን እየገባ ሰላም ይላል። የሚያልቀው ካርድ የእኔ ነው፣ የምቆጣውም እኔ። «ሰላም ያሉት ባለፈው እሁድ አይደለም እንዴ?» ስላቸው ይስቁብኛል። አሁን ያንን ጫጫታ ብሰማ ምን ነበረበት እላለሁ።

ከጥቂት ዓመት ወዲህ ደግሞ አዲስ አበባ ያለችው እህቴ ለእናቴ ዘመናይ ስልክ ገዛችላትና የዘመድ ቴሌግራም ግሩፕ ውስጥ አስገባቻት። እናቴ ንባብ የተማረችው በመሠረተ ትምህርት ጊዜ ነው፤ መነጽሯን አድርጋ፣ ከንፈሯን እያንቀሳቀሰች ቀስ ብላ ታነባለች። በግሩፑ የሚላከው የልደት ኬክና አበባ የተሣለበት «መልካም ቅዳሜ» ነው። አንዱንም አትመልስም፣ አንዱም ግን አያመልጣትም። ግሩፑን «ቤቱ» ነው የምትለው። «ዛሬ ቤቱ ውስጥ ማን ማን መጣ?» እያለች ትከፍተዋለች። እንግዲህ ሰው ለለመደች ሴት ባዶ ቤት ከመቀመጥ ይሻላል ብዬ እኔም ደስ ይለኝ ነበር።

ባለፈው ዓመት አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ፣ ሱቄ ውስጥ ሳለሁ፣ የወንድም ጋሼ ልጅ ደወለልኝ። ድምፁን ስሰማ ገባኝ። አባቱ ከምሳ በኋላ ጋደም ብለው በዚያው አርፈዋል። ቀብሩ ነገ ነው። እናቴ ዛሬ እንዳትሰማ፣ በጠዋት በሰው መርዶ ተነግሯት ለቀብሩ እንድናደርሳት ለመነኝ። ልጆቹ በስልክ እንዳይለቁት ተናግሬያለሁ አለኝ። ተናግሬያለሁ! ስልኩን ዘግቼ ግሩፑን ስከፍተው የወንድም ጋሼ ፎቶ ነጭ ጥምጣማቸውን እንዳደረጉ፣ አጠገባቸው ሻማ በርቶ ተለጥፏል። አዲስ አበባ ያለች አንዷ የልጅ ልጅ ናት የለጠፈችው። ከሥሩ «ነፍስ ይማር» እንደ ጉድ ይጎርፋል።

እናቴ ያን ሰዓት ቤት ብቻዋን ናት። መነጽሯን አድርጋ፣ አልጋዋ ጫፍ ላይ ተቀምጣ፣ ያንን ፎቶ ስትከፍተው ታየኝ። ብትጮህ ማን ይሰማታል? ብትወድቅስ? ሱቁን እንዴት እንደዘጋሁት አላውቅም።

ቤት ብገባ ፊቴ ያጋልጠኛል፤ ወደ ግድግዳ ጎረቤታችን ገባሁ። ይቺ ሴት በሰላሙ ቀን ወሬ ሆዷ ውስጥ የማያድርላት ናት። ያን ቀን ግን አፏን በነጠላዋ ይዛ አንዴ ተንሰቀሰቀችና ፊቷን ታጥባ ወጣች። ካርድ አልቆብኝ ነው ብላ የእናቴን ስልክ ተውሳ፣ እንደ ሌባ ብብቷ ውስጥ ሸጉጣ መጣች። እናቴን ጥጥ ስትፈትል እንዳገኘቻት፣ ስቃም እንዳጫወተቻት ማለችልኝ። ስልኩን አጠፋነውና ሁለታችንም ተንፈስ አልን።

የእኛ ሰፈር ሰው ሌላ ሙያ ይኖረው ይሆናል፣ ነገር መደበቅ ግን አልሰጠውም። ገና ሳይመሽ ቤታችን ሰው በሰው ሆነ። አንዷ ወንፊት ልትመልስ መጣች፤ ወንፊቱ የእኛ አይደለም። አንዷ ጨው ፈልጋ መጣችና ጨውን ሳትወስድ ሄደች። የእድራችን ዳኛ፣ ያለ ስብሰባ የሰው ደጅ የማይረግጡት ሽማግሌ፣ ከዘራቸውን ይዘው ገቡ። እናቴ ምነው በደህና ብላ ብትጠይቃቸው አሸንዳው ያፈሳል ሲባል ሰምቼ ነው አሏት። አሸንዳ የለንም። የገባው ሁሉ እናቴን ሰላም ይልና ወደ እኔ፣ ወደ ጓዳ ያልፋል። ማን ሚኒባስ እንደሚያመጣ፣ የንስሐ አባቷን ማን እንደሚጠራ፣ ማን ከቀኝ ማን ከግራ እንደሚይዛት እዚያው ተንሾካሾክን። የእድሩ ጥሩምባ ነፊ ለቅሶ ሳይሰማ እንዳይነፋ ተነገረው።

«ዛሬ ሰው ምነው በዛ?» አለችኝ እናቴ።

«ብርዱ ነው፣ እማዬ» አልኳት። ብርድና ሰው መብዛት ምን እንደሚያገናኛቸው አትጠይቁኝ።

መርዶ የሚነገረው ሰው ቀድሞ መብላት አለበት፤ ከዚያ በኋላ እህል በጉሮሮው አይወርድም። የገብስ ገንፎ አገንፍቼ ቅቤውን መሐሉ ላይ ሞላሁበት። እናቴ ከሁለት ማንኪያ በላይ የማትቀምስ ሴት ናት፤ እንዴት እንደማባብላት ስጨነቅ ነበር። ሳህኑን ባዶ አደረገችው። እግዜር ነው የረዳኝ አልኩ። ስልኬ የት ሄደ ብትለኝ ኔትወርክ የለም ልላት ተዘጋጅቼ ነበር፤ በእኛ አገር ይህን የማያምን የለም። እሷ ግን ሳትጠይቅ እግሯን ታጥባ በጊዜ ተኛች።

ሊነጋጋ ሲል መጡ። ነጠላውና ጋቢው በሩ ላይ ተደርድሮ፣ የሁሉም እስትንፋስ በብርዱ ውስጥ ይጨሳል። የእድሩ ዳኛ በከዘራቸው ቀስ አድርገው አንኳኩ። እኔ ልነሣ ስል እናቴ ቀድማኝ ከፈተች። ለብሳለች፣ ጸጉሯን በሻሽ አስራለች። ቤተ ክርስቲያን ልትሄድ ነው ብዬ አሰብኩ።

«እመቤቴ» አሏት፣ ድምፃቸው ተሰበረ። «ወንድም ጋሼ ትናንት አርፈዋል።»

ወዲያው አልጮኸችም። በር ላይ የቆሙትን አንድ በአንድ፣ ፊት በፊት እያየች ሄደች፤ ልብስ ሰፊውን፣ ጎረቤታችንን፣ ቄሱን። ሁሉንም አይታ ስትጨርስ ነው «ወንድም ጋሼ» ብላ የወደቀችው። ያዝናት። ዳኛውም ከዘራቸውን ጥለው ያዟት። ጥሩምባው ተነፋ፣ ሰፈሩ በሙሉ ነጠላውን አዘቅዝቆ ወጣ። ለአንዳቸውም የሰው ቤት ለቅሶ አልመሰላቸውም፤ ለነገሩ ሰላምታቸው ያልደረሰው ማን ነበር? አንኮበር በሦስት ሚኒባስ ሞልተን ደረስን። ጉሙ ከቤተ ክርስቲያኑ ደጅ አልተነሣም። አንድ አዛውንት እናቴን በትከሻዋ ደግፈው «የቴፑ እህት አንቺ ነሽ?» ሲሏት እንደገና አለቀሰች።

ሰልስቱ ካለፈ በኋላ ቤታችን ተመለስን። ለቀስተኛው ፋታ ሲሰጠን፣ ፍራሹ ላይ ጎን ለጎን እንደተቀመጥን፣ እናቴ ስልኳን እንዳመጣላት ጠየቀችኝ። አመጣሁላት።

«ያቺን ፎቶ አውጪልኝ» አለችኝ።

«የቷን?»

«ሻማ ያለባትን።»

ያን ጊዜ ነው የነገረችኝ። ጎረቤታችን ከመምጣቷ ትንሽ ቀደም ብሎ ነው ያየችው። ፊደሉን ለቅማ፣ ደግማ፣ እውነት መሆኑን ስታውቅ የጎረቤታችንን ኮቴ ሰማች። ስልኩን ትራሷ ሥር አድርጋ እንዝርቷን አነሣች። ከዚያ በኋላ ያለውን አውቀዋለሁ፤ ወንፊቱንም፣ አሸንዳውንም፣ ገንፎውንም። ገንፎውን የበላችው እኔ ስጨነቅ አይታ ነው። በጣም ተናደድኩ፣ በእሷ ይሁን በራሴ አላወቅሁም። እያለቀስኩ ለምን ዝም እንዳለች ጠየቅኋት።

«ለስልክ ምን ብዬ ልጩህለት?» አለችኝ። «እናንተ እስክትነግሩኝ ጠበቅኋችሁ።»

«ሌሊቱን ሙሉ እኮ ነው፣ እማዬ! ያንን ይዘሽ ብቻሽን?»

በነጠላዋ ጫፍ ዓይኔን ጠረገችልኝ።

«ብቻዬን አልነበርኩም» አለች። «ጓዳ ሆናችሁ ስትንሾካሾኩልኝ እሰማ ነበር።»