ከአራት መቶ ቀን አንዷ

መምህር ገብረዝጊ ሰሜን ክፍለ ከተማ ውስጥ ሃያ ስድስት ዓመት ሒሳብ ያስተማረ ሰው ነው። ተማሪ የሁለት ነገሮችን የመሆን ዕድል ዘሎ ሲያባዛ ካየ ደሙ ይፈላል። «መጀመሪያ ጠይቅ እንጂ! የአንዱ መሆን ሌላውን ይነካዋል ወይስ አይነካውም?» እያለ ይቆጣል። ታዲያ ሰው ቤቱ ሲገባ እውቀቱንም ከጫማው ጋር ደጅ ያወልቃል መሰለኝ።

ሚስቱ ገላነሽ የደሴ ልጅ ናት። ሳንባዋ ከታመመ ወዲህ የምትተነፍሰው በመብራት በሚሠራ የኦክስጅን ማሽን ነው። መብራት ሲጠፋ የኦክስጅን ሲሊንደር አለ፤ ሲያልቅ ገብረዝጊ በባጃጅ ወስዶ ያስሞላዋል።

ባለፈው ክረምት «ሁለቱም የጠፉ ቀንስ?» ብላ ጨነቃት። እሱም ወረቀት አወጣ። መብራት ከሃያ ቀን አንዱን ሙሉ ቀን ይጠፋል፤ ሲሊንደር የሚሞላለት የሚያጣውም ከሃያ ቀን አንዴ ነው። አባዛው። የታጣባቸውን ቀኖች ቆጠረ እንጂ ለምን እንደታጣ አልጠየቀም።

«ከአራት መቶ ቀን አንዷን ብቻ ነው። ኣጆኺ፣ አይዞሽ» አላት። ገላነሽ ያን ሌሊት ደህና እንቅልፍ ተኛች።

ባለፈው ማክሰኞ መብራት ሳይነጋ ጠፋ። ገብረዝጊ የጀመረችውን ሲሊንደር ገጥሞላት፣ ባዶውን ይዞ ወደ መሙያው ሮጠ። እዚያ የሚሠራው ዓወት በር ላይ ቆሞ ነበር።

«መምህር፣ መብራት የለም እኮ። በምን ልሙላው?»

«ጄኔሬተሩስ?»

«ናፍጣ የለም። መቼም እኛ ሥራ የምንፈታው መብራት ሲጠፋ ነው።»

ሁለቱ የሚታጡት በአንድ ቀን መሆኑ ለገብረዝጊ ያኔ ገባው። የትኛውም ተማሪው ቢሆን በዚህ ዜሮ ያገኝ ነበር። ሆስፒታል ደወለ፤ አልጋ የለም፣ ትርፍ ኦክስጅንም የለም አሉት።

ባዶውን ተሸክሞ ሲገባ ገላነሽ አየችው። ገባት።

«ምን አስደነገጠህ?» አለችው፤ በየቃሉ መሀል ትንፋሿ እየተቆረጠ። «ያቺ ቀን ዛሬ ናት ማለት ነው። ካለፈች፣ ዓመት ሙሉ አትመጣም አላልከኝም?»

ስህተቱን ሊነግራት አፉን ከፈተ፣ አቃተው።

«ብዬሻለሁ» አላት፤ እጇንም ያዘ።

ሲሊንደሩ አምስት ሰዓት ላይ አለቀ። መብራት የመጣው ለዘጠኝ ሩብ ጉዳይ ላይ ነው። ማሽኑ ራሱ ተነሥቶ መሥራት ሲጀምር፣ ገብረዝጊ የቀዘቀዘ እጇን ለቅቆ ከአልጋው ጫፍ ተነሣና ሄዶ አጠፋው።