ፊት የጎደላቸው ፎቶዎች

እናቴ ሰብሌ ጡረታ ከወጣች ወዲህ ቤታችን መዝገብ ቤት ሆኗል። ሃያ ሰባት ዓመት ሙሉ፣ ከላሊበላ ወደ ብልባላ በሚወስደው መንገድ ዳር ባለ አንድ የገጠር ቀበሌ ጸሐፊ ነበረች። ጠዋት በእግሯ ሄዳ ማታ በእግሯ ትመለስ ነበር። ከዚያ ኑሮ ተነስቶ እጅ አጣጥፎ መቀመጥ ለእሷ ዓይነት ሰው በሽታ ነው። ስለዚህ እንግዳ ተቀባይ ሆኜ የምሠራበት ሆቴል አሮጌ ኮምፒውተሩንና ስካነሩን ሊጥል ሲል ለምኜ ወደ ቤት አመጣሁላት። የቤታችንን ፎቶዎች ስካን እያደረገች ትዝናናለች ብዬ ነበር። ምኑን ተዝናናችው!

በሁለት ሳምንት የእኛን ጨርሳ የጎረቤት ጀመረች። በወሩ ከገነተ ማርያም ድረስ በፌስታል የተቋጠረ ፎቶ ይመጣላት ጀመር። መብራት ሲመጣ ሥራ ትገባለች፤ መስታወቱን በነጠላዋ ጫፍ ትወለውላለች፣ ፎቶውን እንደ ሕፃን በሁለት እጇ ታስተኛለች፣ ክዳኑን ገጥማ ብርሃኑ ከዳር እስከ ዳር እስኪሄድ ትንፋሿን ይዛ ትጠብቃለች። ከዚያ ለየቤተሰቡ ፎልደር ትከፍታለች፤ የአባወራው ስም፣ የመንደሩ ስም፣ ቁጥር። ቀኑን የሚያስታውስ ሰው ስለሌለ «ድርቁ ከመግባቱ በፊት»፣ «አረጋ በሬውን በሸጠ ዓመት» እያለች የነገሯትን እንዳለ ትጽፈዋለች።

«እማዬ፣ ፎቶ ነው ወይስ የፍርድ ቤት ክስ?» እላታለሁ።

«አንቺ ዝም በይ። ቁጥር የሌለው ነገር ይጠፋል።»

ባለፈው ሚያዝያ አንድ ቅዳሜ ፋና የምትባል ልጅ ከገበያ አለፍ ብላ ወደ እኛ መጣች። የሃያ አራት ዓመት ልጅ ናት፤ ከብልባላ ወዲያ ለአንድ ገበሬ ተድራ ትኖራለች። ሰማንያ ቀኗን ጨርሳ በቅርቡ ክርስትና የተነሳች ሴት ልጇን አዝላለች። ከጉያዋ አንድ ፎቶ አወጣች። የገና ዕለት ላሊበላ የተነሱ ሰባት ሰዎች ናቸው። ፎቶው ግድግዳ ላይ ሲኖር ጭስ አጥቁሮታል፣ የጣሪያ ፍሳሽ አዥጎርጉሮታል። መሀል የቆመችው ሴት ደግሞ ጭራሽ ፊት የላትም። በፊቷ ቦታ አራት ማዕዘን ቀዳዳ ነው ያለው።

«እናቴ ገለቴ ናት» አለች ፋና። «እኔን በወለደች በሳምንቷ ነው የሞተች። ሌላ ፎቶ የላትም። የክርስትናው ለት ሴቶቹ ‹ይቺ ልጅ ማንን መሰለች?› ሲባባሉ የባሌን እናት ጠሩ፣ የባሌን አክስት ጠሩ። የኔን እናት የጠራ የለም። እዚያ አገር ማን ያውቃታል? እኔም አላውቃት። ኮምፒውተር የጠፋ ፊት ይመልሳል ሲሉ ሰምቼ ነው የመጣሁ፣ እትዬ ሰብሌ።»

አንጀቴን በላችኝ። ስልኬን አውጥቼ፣ «ይቻላል! አንቺን አይቶ ፊት የሚሠራላት አፕ አለ» አልኳት።

እናቴ ገላመጠችኝ። «የማንን ፊት ነው የምትለጥፊባት? ደግሞ...» ብላ ንግግሯን አቋረጠች። ዓይኗ ቀዳዳው ላይ አርፏል። ጠርዙን በጣቷ ዞረችው። ከላይ በስተቀኝ ያለው ጥግ ሰያፍ ተቆርጧል። ፊቷ ሲለዋወጥ አየሁት።

«ፎቶውን ተይልኝና የዛሬ ሳምንት ነይ፣ ልጄ» አለቻት።

ፋና እንደወጣች እናቴ አልጋው ጫፍ ላይ ቁጭ አለች። «የአብስራ፣ ይህቺን ሴት የቆረጥኳት እኔ ነኝ» አለችኝ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ያኔ መታወቂያ የሚፈልግ ሰው ፎቶ ማምጣት ነበረበት። ፎቶ ቤት ያለው ከተማ ነው፤ ደርሶ መልስ ቀኑን ሙሉ ይፈጃል። ስለዚህ ሰዎቹ ከግድግዳቸው ያለውን አውርደው ይመጣሉ፣ እናቴ በቢሮው መቀስ ፊቱን ትቆርጥና መታወቂያው ላይ ትለጥፍላቸዋለች። ማኅተሙ የሚያርፍበትን ጥግ ሰያፍ ማድረግ የእሷ ልማድ ነበር። «ገለቴ እርጉዝ ነበረች» አለችኝ። «በዚያ ሆዷ ከተማ ድረስ ከምትሄድ ብዬ ነው። ውለታ የዋልኩ መስሎኝ!»

ከአልጋው ሥር አንድ የብስኩት ቆርቆሮ ጎትታ አወጣች። መታወቂያው በአዲስ ሲቀየር፣ ተሠርተው ባለቤቶቻቸው ሳይወስዷቸው የቀሩት አሮጌዎቹ ይጣሉ ተብሎ ነበር። እሷ የሰው ፊት እንዴት ይጣላል ብላ ቤት አምጥታቸው ኖሯል። አርባ ሦስት ናቸው። ገለቴ ከመሀላቸው ወጣች፤ ሰፊ ግንባር፣ አንደኛው ቅንድቧ ከፍ ያለ፣ ሳቅ ሊያመልጣት የደረሰ የሃያ ዓመት ልጅ። ነጠላዋ ላይ የወይን ጠጅ ቀለም ያለው የማኅተም ሩብ አርፎበታል።

ሁለቱንም ስካን አደረገችና ፊቱን በማውስ እየጎተተች ወደ ቀዳዳው ወሰደችው። እኔ ላድርገው ብላት እምቢ አለች። በስንተኛው ሙከራ ግጥም አለ።

«በቃ፣ ‹ቆርቆሮ ውስጥ አገኘነው› በያት» አልኳት። «ማን እንደቆረጠው ምን አገባት?»

«ቀዳዳ እያየች ላደገች ልጅ ምን አገባት ትያለሽ?»

አፈርኩ። ግን ፈርቼላት ነበር። በዚህ አገር እናቴን የሚጠላ ሰው የለም፤ እንዲጀመርም አልፈለግሁም። እሷም ፈርታ ነበር፤ ሳምንቱን ሙሉ እህል አልበላላትም።

ቅዳሜ ፋና መጣች። እናቴ ኮምፒውተሩን ከመክፈቷ በፊት ቆማ ሁሉንም ነገረቻት፤ መቀሱን፣ ጥጉን፣ ቆርቆሮውን። «አጥፍቻለሁ ልጄ። ይቅር በይኝ» አለች። እናቴ ፎቶውን ከፈተችው።

ፋና ተጠግታ ብዙ አየች። ልጇን ከጀርባዋ አውርዳ ከስክሪኑ ጎን ያዘቻት። «ቅንድቧ!» አለች። «ወይኔ ቅንድቧ! ይቺው ናታ! እናቴን ነው የመሰለችው!» ሳቋና ለቅሶዋ አንድ ላይ መጣ።

ከዚያ ወደ እናቴ ዞረች። «እትዬ ሰብሌ፣ እስቲ አያቴን እዩዋቸው። አጎቴን እዩት። ዓይን የለ፣ አፍንጫ የለ፤ ሁሉንም ጭሱና ዝናቡ በልቷቸዋል። ከሰባቱ ፊቷ የተረፈ እርስዎ የቆረጧት ብቻ ናት።»

እናቴ ነጠላዋን አፏ ላይ አድርጋ አለቀሰች። እኔም አለቀስኩ፣ ምን እደብቃለሁ።

እናቴ ግን እናቴ ናት። ከቆርቆሮው ሥር የታጠፈ ወረቀት አወጣች፤ የአርባ ሦስቱ መታወቂያ መረከቢያ ዝርዝር ነው። ከገለቴ ስም ፊት ለፊት የፊርማው ቦታ ባዶ ነው። መታወቂያውን በአንድ እጇ፣ እስክሪብቶ በሌላው ይዛ፣ «ያለ ፊርማ አልሰጥም» አለች እንባዋን ሳትጠርግ። ፋና ሕፃኗን አሳቀፈችኝና ፈረመች። እናቴም ከጎኑ «ተረካቢ፦ ልጇ» ብላ ጻፈች።

ከዚያ መነጽሯን አስተካከለችና ወረቀቱን ወደ እኔ ገፋችው። «አርባ ሁለት ይቀራሉ። መብራቱ ሳይሄድ ቀጣዩን ስም አንብቢልኝ።»