ጥሩነሽ ሳትስቅ የሄደችበት ጠዋት

ጥሩነሽ ስትስቅ ግማሽ ዱባይ ይሰማል ይሏታል። ይህ እንኳ ማጋነን ነው፤ ግማሽ ሻርጃ ቢባል ግን ያስኬዳል። አጅማን ውስጥ ቤድ ስፔስ፣ አንድ አልጋ ብቻ፣ ተከራይታ የምትኖር፣ ዱባይ ኡድ ሜታ ሰፈር ካለ አንድ ቢሮ ሻይ የምታፈላና ወለል የምታጸዳ፣ አርባን የተሻገረች ሴት ናት። የቢሮው ሰዎች ስሟን አስተካክለው መጥራት ባይችሉም ሳቋን ለይተው ያውቁታል። ከወደ ኩሽና ሳቅ ከተሰማ ሻይ ደርሷል ማለት ነው።

ቤተክርስቲያን ውስጥ ግን ይህ ሳቅ ጣጣ አመጣባት። ሻርጃ በተከራዩት አዳራሽ፣ ወንድም ኢስሃቅ የተባለ ሽማግሌ የታመመና የተጨነቀ ሰው ሄደው የሚያዳምጡ ምእመናንን ያሠለጥን ነበር። ለወራት ካስተማራቸው ሁሉ አብዝቶ የደጋገመው ዝምታን ነው። ምክር አታዝንቡ፣ ቀስ ብላችሁ ግቡ፣ ቁጭ በሉ፣ ድምፃችሁን ዝቅ አድርጉ፣ የሚያለቅስ ካለም ይውጣለት። ጥሩነሽ ይህን ሁሉ በቃሏ ይዛዋለች። ልምምድ ላይ ግን አብሯት የሚሠለጥነው ቢንያም ሐዘንተኛ ለመምሰል ከንፈሩን ጥሎ ሲቀመጥ አየችና አዳራሹን በሳቅ አናጋችው።

"እህት ጥሩነሽ፣" አላት ወንድም ኢስሃቅ፣ "አንቺ በሩን ሳታንኳኪ ሳቅሽ ቀድሞሽ ይገባል። እንዴት አድርጌ ሐዘንተኛ ቤት ልላክሽ?"

"ከእንግዲህ አልስቅም፣ ዋላሂ!"

"አትማዪ።"

"እሺ፣ ሳልምል አልስቅም።"

"አንዴ እንሞክርሽ። የመጀመሪያው ጉብኝት ካልሆነልሽ ግን ወንበር ከሚደረድሩት ጋር ታገለግያለሽ።"

ወንበር መደርደርም አገልግሎት ነው፤ ጥሩነሽ አትንቀውም። ግን ገና ለአገሩ አዲስ ሳለች፣ በማዳም ቤት ተቀጥራ ስትሠራ፣ ታማ የተኛችበት ጊዜ ነበር። እንዴት አደርሽ የሚላት ጠፍቶ ግድግዳ ለግድግዳ እያየች አለቀሰች። ከዚያ ጊዜ ጀምሮ ለሌላው በሩን ከፍቶ የሚገባ ሰው መሆን እንዳማራት ኖረች። አሁን ያ ሁሉ ምኞት በአንድ ሳቅ ሊቀር ነው።

የደረሳት ሰው ቤርሳቤህ የምትባል ወጣት ነበረች። ሥራ ቦታ ደረጃ ላይ ተንሸራታ እግሯ ተሰብሯል፤ ሻርጃ ሙዋይለህ ሰፈር ውስጥ ከተደራራቢ አልጋ ታችኛው ላይ በጀሶ ተኝታለች። እሷን ግን ያሳመማት እግሯ ብቻ አይደለም። ሆሳዕና ያሉት እናቷ ልባቸውን ያማቸዋል። በደወለች ቁጥር ወንድሟ "ደህና ናት፣ ተኝታለች" ይላታል። አገር ቤት ያለ ዘመድ ደግሞ ሰው ቢሞትም ደህና ነው ማለት ልማዱ ስለሆነ አላመነችውም።

ጥሩነሽ ቅዳሜ ማታ ደወለችላት፤ ስትለማመድ በከረመችው ዝግ ያለ ድምፅ።

"ቤርሳቤህ፣ ከቤተክርስቲያን ነኝ። ነገ በጠዋት እመጣለሁ። ስመጣ እንነጋገራለን።"

ደስ እያላት ስልኩን ዘጋች። ምን ያህል እንዳማረባት!

እሁድ ከአምልኮ በፊት ለመድረስ ስትል ገና ሳይነጋ ተነሣች። ልብሶቿ ሁሉ አበባ አበባ ስለሆኑ ጨዋ መስሎ የታያት ጥቁሩ ቀሚስ ብቻ ነበር። እሱን ለበሰች፣ ነጠላ ጣል አደረገች፣ መንገዱን ሁሉ ከንፈሯን ነክሳ ሄደች። በሩን የከፈተችላት የቤርሳቤህ ጎረቤት፣ ላይኛው አልጋ ላይ የምትተኛው መሕቡባ ነበረች። መሕቡባ ቀሚሱን አየች፣ ነጠላውን አየች፣ እጇን ደረቷ ላይ ጫነች። ጥሩነሽ ቀስ ብላ ገባች፣ ቁጭ አለች፣ የቤርሳቤህን እጅ ያዘችና ዝም አለች።

ቤርሳቤህ ፊቷን አየቻት። ከዚያ በኋላ የወጣው ጩኸት ሕንፃውን አዳረሰ።

"እናቴን! እናቴን!"

ጥሩነሽ በልቧ ፈነጠዘች። ገና ከመግባቷ እንዲህ ይውጣላት? ወንድም ኢስሃቅ ይህን ባየ! አላቋረጠቻትም፤ እንዲያውም እጇን ጠበቅ አድርጋ ያዘች። መሕቡባም ሻርፗን ወገቧ ላይ አስራ ለቅሶውን ተቀላቀለች። ጩኸቱን የሰማው የሕንፃው ጠባቂ እየሮጠ መጥቶ "ሹ ሙሽኪላ?" ሲል ምን እንደሆነ ጠየቀ።

"ማማ ኸላስ!" አለችው መሕቡባ እያለቀሰች።

ጥሩነሽ ክው አለች። ለካ የልጅቷ እናት ሞተዋል! ለካ ለዚህ ነው የላኳት! እሷም አልቻለችም፤ ከልቧ ታለቅስ ጀመር።

ጥቂት እንደቆዩ መሕቡባ አፍንጫዋን ጠርጋ ወደ ጥሩነሽ ዞረች። "እትዬ፣ ለመሆኑ መቼ ነው ያረፉት?"

"እኔ ምን አውቄ? አሁን ከእናንተ መስማቴ ነው እንጂ!"

ቤርሳቤህ ከትራሷ ቀና አለች።

"አንቺ አይደለሽ እንዴ የነገርሽኝ?"

"እኔ? አንድ ቃል ተንፍሻለሁ?"

"ጥቁር ለብሰሽ፣ ሳይነጋ መጥተሽ፣ እጄን ይዘሽ ዝም አልሽ! ከዚህ ወዲያ ምን መርዶ አለ?"

ከአፍ ከወጣ አፋፍ ይላል ያገሬ ሰው፤ የጥሩነሽ ግን ከአፏ ሳይወጣ ነው አፋፍ የደረሰው። ቤርሳቤህ ሆሳዕና ደወለች። ጠራ፣ ጠራ፣ ደግሞ ጠራ። ጠባቂው ሳይቀር ትንፋሹን ዋጠ።

"ምነው ልጄ በሌሊት?" አሉ እናትየው። "ማን ሞተ?"

"አንቺ!" አለች ቤርሳቤህ።

ጥሩነሽ ከንፈሯን ነከሰች፣ ነጠላዋን አፏ ውስጥ ጎሰጎሰች፣ አልሆነም። ሳቋ ፈነዳ። መሕቡባ መሬት ላይ ተዘረረች፤ ምንም ያልገባው ጠባቂም ሳቀ። ቤርሳቤህ "እግሬን! እግሬን አትንኩኝ!" እያለች በጀሶዋ አልጋውን ትደበድበዋለች።

"ያቺ እንደዚያ የምትስቀው ማናት?" አሉ እናትየው።

"ልታጽናናኝ የመጣች ናት እማዬ።"

"ታዲያ ደግማ ትምጣ እንጂ።"

ስልኩ ተዘግቶ ሰው ሁሉ ሲወጣ ቤርሳቤህ ዓይኗን እያበሰች ማውራት ጀመረች። ስልክ በጮኸ ቁጥር ልቧ እንደሚከዳት፣ የበር ደወል እንደሚያስደነግጣት፣ እንቅልፍ ካጣች እንደሰነበተች። ጥሩነሽ ምክር አልሰጠችም። መዝሙርም አላነሳችም። መስማት የተባለው ነገር ያን ጊዜ ገና ገባት።

"እትዬ ጥሩነሽ፣ አንድ ነገር ቃል ግቢልኝ፣" አለች ቤርሳቤህ በመጨረሻ። "ስትመጪ ከሊፍቱ ጀምረሽ እየሳቅሽ ነይ። ሳትስቂ የመጣሽ ቀን ይገባኛል።"

ጥሩነሽ ራሷን በእሺታ ነቀነቀች።

አዳራሹ ስትደርስ ማንንም ቀና ብላ ሳታይ፣ ከነጥቁር ቀሚሷ፣ ወንበር መደርደር ጀመረች። ወንድም ኢስሃቅ መጥቶ ወንበሩን ከእጇ ተቀበላት።

"ቤርሳቤህ ደውላልኝ ነበር። ሌላ ሰው እንዳትልኩብኝ ነው የምትለው።" ቆጣ ለማለት ሞከረና ከንፈሩ ከዳው። "ቀሚሱን ግን ቀይሪ፣ እህት ጥሩነሽ።"

በሚቀጥለው እሁድ ጥሩነሽ ቢጫ አበባ ያለበት ቀሚሷን ለብሳ ሙዋይለህ ሄደች። ሊፍቱ ውስጥ አብረዋት የነበሩት ሰዎች ያለ ምክንያት ብቻዋን ስትስቅ አይተው ወደ ጥግ ሸሹላት። ግድ አልሰጣትም። በሩ እስኪከፈት ድረስ፣ ኮሪደሩንም እስክትጨርስ ሳቀች። ልታንኳኳ እጇን ስታነሳ ከውስጥ የቤርሳቤህ ድምፅ ተሰማ።

"መሕቡባ፣ እናቴ ደህና ናት። በሩን ክፈቺላት።"