በሰው ሱፍ ተገመትኩ

ልደታ ፍርድ ቤቱ አካባቢ ያለ የአንድ መሥሪያ ቤት ጥበቃ ነኝ። አንድ ቀን ውዬ አድራለሁ፣ በማግስቱ አርፋለሁ። የማርፍበትን ቀን ግን አርፌበት አላውቅም። ልብስ እሰፋ ነበር።

ስፌት ስል ትልቅ ነገር እንዳይመስልህ። ሱሪ አሳጥራለሁ፣ ዚፕ እቀይራለሁ፣ የኮት ገበር እጠግናለሁ፣ በካውያ እተኩሳለሁ። ሱቋ ከተክለ ሃይማኖት ወደ ልደታ በሚወስደው መንገድ ዳር፣ ተደጋግፈው ከቆሙት የቆርቆሮ ስፌት ቤቶች መጨረሻዋ ነበረች። ደንበኞቻችን አብዛኞቹ ባለጉዳዮች ናቸው። ችሎት የሚቀርብ ሰው ከወንድሙ ኮት ይዋሳል፤ እጅጌው ጣቱን ይሸፍንበታል። «ቶሎ በልልኝ፣ ሊጠሩኝ ነው» እያለ ቆሞ ያሳጥርና ለብሶት ይሄዳል። ይፈረድበት ይፈረድለት አላውቅም። ተመልሶ መጥቶ እጅጌውን ያስረዘመ ሰው ግን አላየሁም።

ፊደል የቆጠርኩት ጢሜ ከበቀለ በኋላ ነው። ከዚያ በፊት ደሞዜን የምቀበለው በአውራ ጣቴ እየፈረምኩ ነበር። የማታ ትምህርት ገብቼ ማንበብ ስጀምር መጀመሪያ ያስደሰተኝ የታክሲ ታፔላ ነው፤ መጀመሪያ ያናደደኝ ደግሞ የደሞዝ ወረቀቴ። «የሥራ ግብር» የምትል መስመር አለች። እስከዚያ ድረስ ደሞዜ ከሚባለው አንሶ ሲደርሰኝ ሒሳብ ሹሙ የሚሰርቀኝ ይመስለኝ ነበር። ስንቱን ወር በሆዴ ስረግመው ኖሬያለሁ። ለካ ሰውየው ንጹሕ ነው፤ የሚወስደው ሕጉ ነው።

ያቺ መስመር ታዲያ አንድ ሞኝነት አስተማረችኝ። ከእኔ ተቆርጧል አልኩ። ሰው አንድ፣ ግብሩም አንድ። የሱቋን ንግድ ፈቃድ ካወጣሁ ወዲህ ዓመት በመጣ ቁጥር አንድ ትንሽ ነገር እከፍል ነበር፤ እሷንም የፈቃዱ ዋጋ ናት ብዬ ነው የከፈልኳት። ግብር ናት ያለኝ የለም። እኔም አልጠየቅኩም። ከነጋዴ ጋር ቆሜ ስለ ግብር ሲያማርሩ ስሰማ እንደ ጎረቤት ሕመም ነበር የምሰማው።

በስፌት ቤቶቹ መስመር አንድ ልማድ አለ። አንዳችን ለቅሶ ወይ ሕመም ገጥሞን ከዘጋን፣ ያለቀውን ልብስ ለከፈተው ጎረቤት እንሰጣለን። ደንበኛ መጥቶ የተዘጋ በር አይቶ እንዳይመለስ ነው። የተቀበለው ሰው ልብሱን ያስረክባል፣ ገንዘቡን ተቀብሎ ያስቀምጣል፣ ለባለቤቱ ይሰጣል። አደራ ነው፤ ለዚህ አይከፈልም። የእኔን ልብስ ስንት ጊዜ አስረክበውልኛል፤ ተረኛ ሆኜ ስውል ያለ እነሱ ሱቋ ሱቅ አትሆንም ነበር። እዚህ ላይ ልዋሽባቸው አልፈልግም።

ከፋሲካ በኋላ ነው፣ ሰርግ የሚበዛበት ሰሞን። አድሬ ወጥቼ ወደ ሱቄ ስሄድ መስመሩ በሙሉ እየተቆለፈ ነው። ከእኔ ቀጥሎ የሚሰፋው፣ ምላሱ ከመቀሱ የሚፈጥን ጎልማሳ፣ ከሩቅ ጮኸብኝ።

«ዘበኛው! ዛሬ ትከፍታለህ እንዴ?»

«ለምን አልከፍትም? ማን ሞተ?»

«እስካሁን ማንም። ገማቾች ተክለ ሃይማኖት ጋ ደርሰዋል። ከምሳ በፊት እዚህ ናቸው።»

ገማቾች የሚላቸው የቀን ገቢ የሚገምቱትን ነው። ደብተር የማይዝ ትንሽ ነጋዴ ቤት ገብተው፣ አይተው፣ ጠይቀው፣ በቀን ይህን ያህል ትሸጣለህ ብለው ይሄዳሉ። ዓመቱን ሙሉ የምትከፍለው ያቺ ቀን ያዩትን ነው።

«በር ዘግተህ ካጡህ ባለፈው ላይ ትንሽ ጣል ያደርጉብሃል» አለ። «ገበያ ደርቶልህ ካገኙህ ግን ዓመቱን ሙሉ እንደደራ ነው የሚጽፉት። በል ቆልፍ።»

«እኔን አይመለከተኝም። ደሞዝተኛ ነኝ፣ በየወሩ ይቆረጥብኛል።»

ከመስመሩ መሀል የሚሰፉት የወሎው ሽማግሌ፣ ሁላችንም ሐጂ የምንላቸው፣ ቁልፋቸውን እንደያዙ ዞር አሉ። አዲስ ሱፍ ቆርጦ የሚሰፋ ከእኛ ውስጥ እሳቸው ብቻ ናቸው።

«እርግጠኛ ነህ ልጄ?»

«እርግጠኛ ነኝ ሐጂ። ወረቀቱ ኪሴ ውስጥ ነው፤ አንብቤዋለሁ።»

አንብቤዋለሁ ስል ድምፄን ከፍ አድርጌ ነበር። ዕድሜውን በሙሉ ሲያነብ የኖረ ሰው እንዲህ አይልም።

«እንግዲያማ እግዜር ሰጠን!» አለ ጎልማሳው። «ዛሬ መስመሩን የሚጠብቀው ራሱ ዘበኛው ነው።»

ልብሱን ማምጣት ጀመሩ። እሱ በእቅፉ ሱሪ አመጣ። ሌላው ቀሚስ አመጣ። ሐጂ የአንድ ሰርግ የሚዜ ሱፎች ነበሯቸው፤ ሁሉም አንድ ቀለም፣ ውኃ ሰማያዊ፣ አዲስ። ግድግዳዬ ላይ ቦታ ሲጠፋ በበሩ ጉበን ላይ ሰቀልናቸው። ከዚያ ሁሉም ሄዱ። ዞር ብዬ ሱቄን ሳያት አላወቅኳትም። ደስ ማለቱን ግን ደስ ብሎኝ ነበር። እንዲህ ሞልታ አይቻት አላውቅማ።

የመስመሩ ደንበኛ በሙሉ ወደ እኔ መጣ። የተዘጋውን በር እያንኳኳ፣ እየተሳደበ፣ በመጨረሻ እኔ ዘንድ ይቆማል። ሚዜዎቹም መጡ። አንዱ ሱሪውን እዚያው ሊለካ ፈልጎ ከመጋረጃዬ ጀርባ እየታገለ ነው፤ ሌሎቹ ይስቁበታል።

«አንተ፣ ሆድህን ለሰርጉ አበድረኸው ነው እንዴ?»

ገማቾቹ የገቡት በዚህ መሀል ነው። አንዲት ሴትና አንድ ወጣት። ሴትዮዋ ሰላምታዋም ጥሩ ነው።

«ጋሼ፣ የሱቁ ባለቤት እርስዎ ነዎት?»

«ነኝ።»

«በቀን ስንት ልብስ ያስረክባሉ?»

አፌን ሳልከፍት አንዱ ሚዜ ብሩን በትከሻዋ ላይ አሻግሮ ዘረጋልኝ። «ፋዘር፣ ያዝ፣ ቸኩለናል!» ልቀበል ወይስ ልተው ግራ ገባኝ። ተቀበልኩ። ወጣቱ ጻፈ።

«ይሄ ሁሉ የእርስዎ ሥራ ነው?» አለች ወደ ሱፎቹ እያየች።

እዚህ ላይ ነው ነገሩ። የሐጂ ነው ብል፣ ሐጂ እናንተን ፈርተው ዘግተው ሸሹ ብዬ መመስከሬ ነው። የዚያኛው ሱሪ ነው ብል እንደዚያው። አምነው የሰቀሉትን ልብስ ይዤ ሰዎቹን አሳልፌ ልስጥ? አደራ የበላ ሰው በዚያ መስመር ሁለተኛ ወንበር አያገኝም። ደግሞ ምን ቸገረኝ፣ እኔ ደሞዝተኛ ነኝ።

«የሰፈሩ ነው» አልኩ።

«ሰፈሩ ይወድዎታል ማለት ነው» አለ ወጣቱ። እሱም ጻፈው።

በኩራት የደሞዝ ወረቀቴን አውጥቼ ሰጠኋት። «ከእኔ ይቆረጣል። እዩት፣ የሥራ ግብር ይላል።»

ሴትዮዋ አነበበችና መለሰችልኝ። «ጋሼ፣ ይሄ የደሞዝዎ ነው። ሱቁ ደግሞ የንግድ ነው፤ ለብቻው ይከፈልበታል። አንዱ ለአንዱ አይከፍልም።»

«ሰውየው እኮ አንድ ነው!»

«ሰውየው አንድ ነው፤ ገቢው ሁለት ነው።»

አልሰደበችኝም፣ አልጮኸችብኝም። ያለችው ልክ ነው። ልክ የሆነ ሰው እንደዚያ ቀን አንጀቴን አሳርሮኝ አያውቅም።

ግምቱ ሲለጠፍ ሄጄ በጣቴ እየተከተልኩ አነበብኩ። ከመስመራችን በሙሉ ከፍተኛው የእኔ ነው። ሱፍ ከሚቆርጡት ከሐጂ በላይ ሱሪ አሳጣሪው ተገመትኩ። ስሜ ይሆን ብዬ ደጋግሜ አየሁት፤ ስሜ ነው። ከጀርባዬ የቆመ አንድ ሰው «አባቴ፣ ማንበብ ካቃተህ ላንብብልህ» አለኝ። ማንበቡስ አላቃተኝም።

ቤት ገብቼ ለሚስቴ ነገርኳት። ትምህርት ቤት ደጃፍ አልረገጠችም፤ ግን የጓዳውን ሒሳብ የምታውቀው እሷ ናት። የሱቋን ኪራይ አሰበች፣ ክሩን አሰበች፣ መብራቱን አሰበች፣ ግብሩን ጨመረችበት። ከዚያ ቀና ብላ፦

«ታዲያ እስከ ዛሬ ያጎነበስከው ለማን ነው?» አለችኝ።

ሱቋ ከሄደች ያለን ደሞዙ ነው። ደሞዙ የቤት ኪራይ ከፍሎ የሚተርፈው ለጨውና ለበርበሬ ነው። ልጃችን ኮሌጅ ናት፤ የምትማረው በዚያች የስፌት መኪና እግር ነው፣ ሌላ መንገድ የለም። ስለዚህ ሱቋን ማዳን ነበረብኝ። ቅሬታ የሚሰማ ኮሚቴ አለ አሉኝ። ልብሶቹ የእኔ እንዳልነበሩ ባለቤቶቹ መጥተው ቃላቸውን ከሰጡ ይቀነሳል አሉ። እፎይ አልኩ። ባለቤቶቹማ አጠገቤ ናቸው።

ሐጂ ዘንድ ገባሁ።

«ሐጂ፣ አንድ ቃል ብቻ ነው። የሚዜዎቹ ሱፎች የእርስዎ እንደሆኑ ይመስክሩልኝ።»

መቀሳቸውን አስቀመጡ። «እውነት ነው፣ የእኔ ናቸው። ግን ልጄ፣ እዚያ ገብቼ የእኔ ናቸው ስል፣ ያን ቀን ለምን ዘጋህ አይሉኝም? ካንተ የሚቀነሰው ወዴት ይሄዳል? እኔ ላይ ነው የሚወድቀው። የልጅ ልጆች እያሳደግሁ ነው።»

«እኔ ለእርስዎ ብዬ ዝም ብያለሁ።»

«አውቃለሁ። ወላሂ አውቃለሁ። አላህ ይክፈልህ።»

«አላህ እስኪከፍለኝ የግብር መስኮቱ ላይ ያሉት አይጠብቁኝም ሐጂ።»

አንገታቸውን ደፉ። ሽማግሌን አንገት ማስደፋት ምን ይጠቅማል? ወጣሁ። ጎልማሳው ዘንድ ሄድኩ፤ እሱ አንገቱን አልደፋም።

«ዘበኛው፣ እኔ የፋሲካ በግ እመስልሃለሁ? ራሴ ተነድቼ ቄራ ልግባልህ?»

«ልብሱን የሰቀልከው አንተ ነህ።»

«ግብር አይመለከተኝም ያልከውስ ማነው? እኔ ነኝ?»

ይኸኛውስ እውነት ነው፤ ወጣሁ። ከቀናት በኋላ እሱ ራሱ ከመስመሩ ገንዘብ ሰብስቦ አመጣልኝ። ብሩን ሲሰጠኝ ቀልድ አልወጣውም። ለቅሶ እንደሚደርስ ሰው «አይዞህ» ብሎኝ ሄደ። ተቀበልኩ። ባልቀበል ደስ ይለኝ ነበር፤ ግን ኩራት ኪራይ አይከፍልም። የግብሩን ጫፍ እንኳ አልነካም።

ኮሚቴው ፊት ብቻዬን ቀረብኩ። አቤቱታዬን በገዛ እጄ ጽፌ ነበር። ፍርድ ቤቱ አጥር ሥር የሚጽፉት ሰዎች አሳምረው ይጽፋሉ፤ ለማሳመሪያ የምከፍለው ግን አልነበረኝም። ሰብሳቢው አነበበው።

«ልብሶቹ የጎረቤት ነበሩ ነው የሚሉት?»

«አዎ።»

«የየትኛው ጎረቤት?»

አሁንም ያቺው ጥያቄ። ስማቸውን ልናገር አፌ ላይ ደርሶ ነበር። ያዋጡልኝ ብር ኪሴ ውስጥ ነው። ሐጂም አንገታቸውን እንደደፉ ታዩኝ።

«ጎረቤት ነዋ» አልኩ።

ትንሽ ቀነሱልኝ። ለወጉ ያህል ነው፤ የከፋውን ሰው ባዶ እጁን ላለመስደድ። ሱቋን የሚያድን አልነበረም።

እንዝጋው ተባባልን ከሚስቴ ጋር። መዝጋት በነፃ ይመስለኝ ነበር፤ ቁልፍ አዙረህ መሄድ። አይደለም። ፈቃድህን የሚመልሱልህ ዕዳ እንደሌለብህ ወረቀት ስታመጣ ነው፤ ወረቀቱን የሚሰጡህ ግብሩን ስትከፍል ነው። ካልመለስክ ደግሞ ዘግተህም ይቆጠርብሃል። ሳልሠራ ከምከፍል ብዬ የስፌት መኪናዬን ለገበያ አወጣሁ። መርካቶ ያሉት የብረት ዋጋ ነው የሰጡኝ። ሐጂ ሰምተው መጡ። ሳይከራከሩ ከሁሉም የተሻለ ዋጋ ከፈሉኝ። ያው ብር እንዳለ የግብር መስኮቱ ላይ ገባ። ለመዝጋት ከፈልኩ።

መኪናው ሐጂ ሱቅ ውስጥ ቆመ። የሚሰፋበት ሰው ያስፈልገዋል። «ና ሥራበት፣ በቁጥር እከፍልሃለሁ» አሉኝ። አሁን በማርፍበት ቀን በገዛ መኪናዬ፣ በሐጂ ፈቃድ፣ የሐጂን ደንበኛ ሱሪ አሳጥራለሁ። የማገኘው ለራሴ ስሠራ ከማገኘው ግማሹን አይደርስም። ልጃችን የዚህን ወሰነ ትምህርት አቋርጣለች። «ለጊዜው ነው አባዬ» ትለኛለች። እኔም ለጊዜው ነው እላለሁ። አንዳችን አንዳችንን አናምንም።

ዘንድሮ ገማቾቹ እንደገና ሊወጡ ነው የሚል ወሬ ሲመጣ ሐጂ ወደ ጆሮዬ ጠጋ አሉ።

«ልጄ፣ ሁለት መኪና ካዩ ይጨምሩብኛል። እስኪያልፉ ቤትህ ታቆይልኝ?»

እንቢ ልላቸው እችል ነበር። በጋሪ አስጭኜ ወሰድኩት። በአጥሩ በር ስገባ ሚስቴ ልብስ እያሰጣች ነበር። መኪናውን ስታይ እጇን በቀሚሷ ጠርጋ ተንደርድራ መጣች። ፊቷ ሲበራ ካየሁት ቆይቷል።

«መለሱልህ?»

«እስኪሄዱ ድረስ ነው።»

ፊቷ እንደነበረ ተመለሰ። መኪናውን በአንድ በኩል ይዛ አስገባን፤ መስኮቱ ሥር አስቀመጥነው። ትንሽ ቆማ አየችውና ከሣጥን ውስጥ ጎኑ የተተረተረ ቀሚሷን አወጣች።

«ላዩ ላይ ያለው ክር የማን ነው?» አለችኝ።

«የሐጂ።»

«እንግዲያው ድርብ አድርገህ ስፋው።»